በባሕሩ ዳር የከሰል ሽታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳችን ወደ ባሕሩ ወረድን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾምም ስግደትም የለም፤ ዓሣም ዳቦም ተይዟል። ነጠላችን ገና ዕጣን ዕጣን ይላል። የቤይሩት ኮርኒሽ ደግሞ የራሱ መዓዛ አለው፤ ጨዋማው ውኃ፣ ድንጋይ ላይ የደረቀው የባሕር አረም፣ ዛዕታር የተቀባው ትኩስ ዳቦ፣ በጋሪ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ። የበቆሎው ሽታ ሲደርሰን ስንቶቻችን የአገራችንን ክረምትና የሰፈራችንን መንገድ ዳር እንዳስታወስን፣ እርስ በርስ ስንተያይ አወቅነው። ሳምንቱን ሙሉ እጃችን የሚሸተው በረኪና ነው። ያን ዕለት ግን ጨው ጨው አለን፤ ደስም አለን።

አንዳንዶቻችሁ “ከቅዳሴ መልስ ባሕር ዳር መዋል ለክርስቲያን ይገባል ወይ?” ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ይገባል እንላለን። ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ጌታችን ከሰው ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ጠርቷቸዋል (ማር. 6፥31)። እርሱም ራሱ ወደ ጢሮስና ሲዶና አገር መጥቷል፤ ዛሬ ሱርና ሳይዳ የምንላቸው፣ ከመካከላችን አንዳንዶች የሚሠሩባቸው ከተሞች ናቸው። በዚያም ወደ አንድ ቤት ገብቶ ማንም እንዳያውቅበት ወድዶ ነበር (ማር. 7፥24)። ስለ ዕረፍት ይህ ይበቃል። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ሌላ ነው።

ከሰሉ ተያይዞ ጀበናውን ስንጥድ፣ አንዲት እኅት ከእኛ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየናት። አንዳንዶቻችን እናውቃታለን። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ለሥራ በሄደችበት ሌላ የዓረብ አገር ስሟ በወረቀት ተለወጠ፤ ማተቧንም በጠሰች። እዚህ ከመጣች ወዲህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትደርስና ትመለሳለች። እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን እንጻፍ፤ ስለ እርሷ አንሾካሾክን። ነፋሱ ደግሞ ከእኛ ወደ እርሷ ይነፍስ ነበር።

ቅዱስ ጴጥሮስን ያስታወስነው ዘግይተን ነው።

በዮሐንስ ወንጌል የከሰል እሳት የሚነሣው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ነው (ዮሐ. 18፥18)። ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ ሎሌዎቹ ከሰል አንድደው ይሞቃሉ፤ ጴጥሮስም አብሯቸው ቆሞ ይሞቃል። መጀመሪያ የጠየቀችው በር ጠባቂዋ ገረድ ናት፤ እንደ ብዙዎቻችን በሰው ቤት በር የምትከፍት። ባለሥልጣን አይደለችም፤ ሰይፍም አልያዘችም። እርሷን ፈርቶ ካደ፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ደገመ። ከሰል አጠገብ የቆመ ሰው ጢሱ ልብሱ ውስጥ እንደሚቀር ቡና የምናፈላ ሁሉ እናውቃለን።

ሁለተኛው እሳት የነደደው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ነው (ዮሐ. 21፥9)። ሰባት ሆነው ሌሊቱን ሙሉ መረብ ጥለው ምንም አልያዙም። ሲነጋ በዳር የቆመ ሰው አዩ፤ በቃሉ መረቡን ቢጥሉ ሞላ። ጌታ መሆኑን ጴጥሮስ በሰማ ጊዜ ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕሩ ዘለለ። እስከ ዳሩ ሁለት መቶ ክንድ ያህል፣ በእኛ ልክ ወደ 90 ሜትር ነው። (ጥብርያዶስ ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው፤ ውኃው እንደዚህኛው ጨው ጨው አይልም።) ውኃው እየተንጠባጠበበት ሲወጣ ያገኘው ምን ነበር? የከሰል ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ ዳቦም። ያ ሽታ ጴጥሮስን ወዴት እንደወሰደው ወንጌሉ አይነግረንም። በአንድ የተጠበሰ በቆሎ አገራችን ደርሰን የምንመለስ እኛ ግን ሽታ ሰውን ወዴት እንደሚወስድ እናውቃለን።

እንግዲህ ልብ በሉ። መረቡ 153 ዓሣ ይዟል፤ እነርሱ ያን ከመጎተታቸው በፊት ግን ዓሣው እፍሙ ላይ ነበር። ሞትን ድል ያደረገ ጌታ ሌሊቱን ሲሠሩ ላደሩ፣ እጃቸው ዓሣ ዓሣ ለሚሸት ሰዎች ቁርስ አሰናድቶ ጠበቃቸው። ዳቦውን አንሥቶ በእጁ ሰጣቸው። ጴጥሮስ ይወደው እንደሆነ ሦስት ጊዜ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢጠይቀው ኖሮ ያ ጉርሻ በጴጥሮስ ጉሮሮ እንዴት ይወርድ ነበር?

ስም መለወጥና ማተብ መበጠስ ቀላል ነገር ነው አንልም። ጴጥሮስም አምርሮ አልቅሷል። ንስሐ ያስፈልጋል፤ ካህን ያስፈልጋል። ነገር ግን እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነው ነበር፤ ቡናው ሳይቀዳ ጥያቄውን ጀመርን።

ከመካከላችን አንዲት ታላቅ እኅታችን ተነሥታ ስኒ ይዛ ሄደችና “ነይ እኅቴ፣ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ” አለቻት። መጣች። ዓሣ በላች፣ ቡና ጠጣች። ወዲያው ስኒዎቹን ሰብስባ ልታጥብ ብድግ ስትል “የለም፣ ዛሬ ተቀመጪ” አልናት። “ተቀምጬ ሰው ሲያቀርብልኝ ስድስት ዓመቴ” አለችና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ስለ ስሟ ማንም አልጠየቃትም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የማዳም ሰዓት ደርሶ ስትነሣ፣ አባታችን መቼ እንደሚገኙ የጠየቀችን ራሷ ናት። ይህን የጻፍነውም አስፈቅደናት ነው።

ለእርሷ የነገርናትን ለእናንተም እንንገራችሁ። አባታችን ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ ይቀመጣሉ። መውጣት የማይፈቀድላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ማታ ሥራ ስትጨርሱ ይደውሉላችኋል። ማተብ ለምትፈልጉም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። ከሰሉና ጀበናው ተይዟል፤ ስኒ ስለሚያንሰን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።