ስለ ፋብሪካ የምስክር ወረቀት

ከአዳሚ ቱሉ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ሐዋሳ ያደርሳል። በዚያ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ አገር ገበያ ልብስ እንዲሰፋበት የተቋቋመ ነው። እጣቢ ውሃው ወደ ሐይቁ እንዳይፈስ፥ ተጣርቶ ተመልሶ እንዲሠራበት ተብሎ ታንጿልና ያስመሰግናል። ነገር ግን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል ነበረ። ለዓሣው የታሰበለትን ያህል ለሰፊዋ ታስቦላት ይሆን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሸማ ስትገዛ ሸማኔውን ታየዋለህ፤ ፊቱ ኑሮውን ይነግርሃል። ባሕር ማዶ ያለው ነጋዴ ግን ሰፊዋን አያያትምና በእርሱ ፈንታ መርማሪ አይቶ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ይፈልጋል። የመርማሪውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ግን የሚመረመረው ፋብሪካ ራሱ ነው። ከባለጉዳዩ እጅ ዋጋውን የሚቀበል ምስክር በየትኛው ሸንጎ ይታመናል?

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስልህ። በፓኪስታን በካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ኤስኤ 8000 የሚባለውን የምስክር ወረቀት በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ተቀበለ። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፥ እኛ ዘመን ስንለውጥ፥ ፋብሪካው ተቃጠለ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፥ መውጫዎቹም የተቆለፉ ስለ ነበሩ ከ250 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ።

እኔ ወረቀቱ ይቅር አልልም፤ ሠራተኛይቱ ራሷ ትመስክር እላለሁ። በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፥ በግንቦት 2005 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበራትና ልብሱን የሚገዙት ኩባንያዎች በሕግ የሚያስገድድ ውል ተፈራረሙ። በዚህም ውል የምርመራው ውጤት ለሁሉ ይገለጥ ጀመር፤ ሠራተኛውም አደጋ ያለበት ቤት አልገባም ለማለት መብት አገኘ።