የሙያ ወንፈል

«ሙያ በልብ ነው» ሲባል የኖረ ነው። ብሂሉ ባለሙያ እንዳይታበይ፣ ያወቀውን ሁሉ በየአደባባዩ እንዳይለፍፍ ይመክራል፤ በዚህ ረገድ መልካም ምክር ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ብሂል ሌላ ትርጉም ሲወጣም ይታያል። ይኸውም ሙያ የባለቤቱ የግል ሀብት ነው፣ በልቡ ቆልፎ ቢያኖረው ማንም ሊጠይቀው አይችልም የሚለው ነው። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። አንድ ሰው የተካነው ጥበብ በእርግጥ የራሱ ብቻ ነውን? ካልሆነስ ዕዳው ለማን ነው? በምንስ ይከፈላል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከመጻሕፍት በፊት ወደ መስክ መውረድ ይጠቅማል። ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ሽንዲና ወደ ወምበርማ ገጠር የዘለቀ ሰው፣ ከበቆሎውና ከበርበሬው ማሳ ባሻገር ከብት በተሰማራበት መስክ ላይ እረኞች ትግል ገጥመው ቢያገኝ አይደነቅም። አንዱ የሌላውን ወገብ ይይዛል፤ ይገፋፋሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ጠልፎ ይጥላል። የወደቀው አፈሩን አራግፎ ይነሣና እንደገና ይገጥማል። በዚያ መስክ ላይ መምህር የለም፤ ትምህርት ግን አለ። ታናሹ እረኛ ጠልፎ መጣልን የሚማረው ተጠልፎ በመውደቅ ነው። ውሎ አድሮ የጣለውን በዚያው ዘዴ ይጥለዋል። ከማን ተማረ ቢባል ከጣለው ነው። የጣለውስ በማን ላይ ተለማመደ ቢባል በእርሱው ላይ ነው።

የእረኞቹ አባቶች ለዚህ ዓይነቱ መደጋገፍ ስም አላቸው፤ ወንፈል ይሉታል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ምግብ አዘጋጅቶ በአንድ ቀን ብዙ ጉልበት ያሰባስባል። ወንፈል ግን ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ዛሬ የአንዱን ማሳ ያረሙ እጆች ነገ የሌላውን ያርማሉ። አዝመራው የባለማሳው ቢሆንም ድካሙ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ባለማሳው ብቻዬን አረምሁት ቢል ሰሚ አያገኝም።

ይህ የመስክ ትግል በሥርዓት ተደራጅቶ ትምህርት ሲሆን ምን መልክ እንደሚይዝ ለማየት የጃፓኑ ጁዶ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከጁዶ በፊት የነበረው ጁጁትሱ በየመምህራኑ ቤት የተከፋፈለ፣ ጥልቅ ምሥጢሩ ለተመረጡ ደቀ መዛሙርት ብቻ የሚገለጥ ሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 የተወለደው ጂጎሮ ካኖ ወደዚህ ሙያ የገባው ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ወጣት ሳለ ነው። የመጀመሪያ መምህሩ ፉኩዳ ሀቺኖሱኬ ስለ አንድ አጣጣል ሲጠይቃቸው በቃል ከማስረዳት ይልቅ ደጋግመው ይጥሉት እንደነበር ካኖ ራሱ ተርኳል። ከዚህ ገጠመኝ ሁለት ቁም ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ የእጅና የእግር ሙያ በቃል ብቻ የማይተላለፍ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ መውደቅ ብቻውን የተማሪውን ዕድሜ የሚፈጅ መሆኑ ነው።

ካኖ በ1882 ቶኪዮ ከተማ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ ቤተ መቅደስ፣ 12 የሣር ምንጣፎች በተነጠፉበት ጠባብ ክፍል፣ 9 ተማሪዎች ይዞ ኮዶካን የተሰኘውን ትምህርት ቤት ከፈተ። የሚያስተምረውንም ሙያ ጁጁትሱ ማለትን ትቶ ጁዶ አለው። «ጁትሱ» ዘዴ ማለት ሲሆን «ዶ» ግን መንገድ፣ ፍኖት ማለት ነው። ለፍኖተ ሰላም ጎረቤት የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው። ዘዴ በእጅ ተጨብጦ ሊደበቅ ይችላል፤ ፍኖት ግን ብዙ ሰው በሄደበት መጠን ይሰፋል እንጂ አያልቅም።

በአዲሱ ትምህርት ቤት ሁለት ዋና የመለማመጃ ስልቶች ተደላደሉ። አንደኛው «ካታ» ነው፤ ሁለት ሰዎች አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል አጣጣልን ያጠኑበታል። ሁለተኛው «ራንዶሪ» ነው፤ በነፃ ይጋጠሙበታል። ነገር ግን ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው መውደቅን ነው። አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጭንቅላቱ መሬት እንዳይነካ ጠብቆ፣ በክንዱ ምንጣፉን መትቶ የአወዳደቁን ኃይል መበተን ይለማመዳል። ከዚያም የባላጋራውን ሚዛን ማናጋትን ያጠናል፤ የሚገፋውን ይስባል፣ የሚስበውን ይገፋል። ሚዛኑ የተናጋ ግዙፍ ሰው በትንሽ ጉልበት ይወድቃልና።

በዚህ ሁሉ ልምምድ አንዱ ጣይ፣ ሌላው ወዳቂ ይሆናል፤ ከዚያም ተራ ይለዋወጣሉ። አንድ አጣጣል ከሰውነት ጋር እስኪዋሐድ በሺህ የሚቆጠር ድግግሞሽ ይጠይቃል፤ በእያንዳንዱ ድግግሞሽም ገላውን የሚያውስ ሰው አለ። የወዳቂው ሥራ ቀላል አይደለም። በትዕቢት ተገትሮ አልወድቅም ቢል ጣዩ አይማርም። ለማስደሰት ብሎ በከንቱ ቢወድቅለት ደግሞ ጣዩ ሳይችል የቻለ ይመስለዋል። የቲያትር ሰዎች ይህን ከመለማመጃ መድረክ ያውቁታል፤ ቃለ ተውኔቱን በሐቅ የማይመልስ የትወና ጓድ፣ ሁሉንም ነገር ግሩም የሚል ተመልካችም ተዋናዩን አያሳድጉትም። ካኖ በ1922 ይህን መንፈስ በሁለት መርሖዎች ጠቅልሎ አቀረበው፦ አንዱ ኃይልን በተሻለው መንገድ ማዋል፣ ሌላው የራስንና የሌላውን ጥቅም በአንድነት ማልማት። ሁለተኛውን መርሖ የወምበርማ ገበሬ ቢሰማው በወንፈል ይተረጉመው ነበር።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወንፈል በአቻዎች መካከል የሚደረግ ነው፤ ቀን በቀን ይለካል። በጁዶ ምንጣፍ ላይ ግን ነባሩና ጀማሪው አቻ አይደሉም። ጀማሪው ለነባሩ የሚመልሰው ምን አለው? ይባስ ብሎ ነባሩ ጀማሪውን የመለማመጃ ዕቃ ሊያደርገው ይችላል። አንዱ ሁልጊዜ ጣይ፣ ሌላው ሁልጊዜ ወዳቂ ከሆነ ደግሞ ወንፈልነቱ ቀርቶ ገባርነት ይሆናል።

ይህ ሥጋት ባዶ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ በጃፓን ትምህርት ቤቶች በጁዶ ልምምድ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በጭንቅላት ጉዳት ሲሆን፣ ገና መውደቅን ያልተካኑ ጀማሪዎችም ከመካከላቸው ይበዙ ነበር። ለሌላው ትጋት ገላውን ያዋሰ ሕፃን የሚጠብቀው አጥቶ ወደቀ ማለት ነው። በ2022 የአገሪቱ የጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ ውድድር ሲሰርዝ፣ በምክንያትነት ያቀረበው ማሸነፍን ከሁሉ የሚያስቀድመው አስተሳሰብ መስፋፋቱን ነው። ጁዶ በተወለደበት አገር እንኳ መርሖው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምንጣፉ ላይ ሊረሳ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለሆነም ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም በዚያው በወንፈል ውስጥ ይገኛል። ነባሩ ዛሬ ከጀማሪው የሚቀበለው ባይኖር እንኳ ትናንት ተቀብሏል። ጀማሪ በነበረ ጊዜ በትዕግሥት የወደቁለት፣ ሲጥሉትም ከመሬት እንዳይላተም ክንዱን ይዘው ያሳረፉት ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ መልሶ ሊከፍል አይችልም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ከእርሱ በኋላ ለመጣው ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶችም፣ በዋሸራ ይሁን በጎንጅ፣ ሙያው የቆየው በዚህ ዓይነት ነው። የበሰለው ተማሪ የታናሹን ጉባኤ ቃና እየሰማ ያርማል፤ የእርሱንም የመጀመሪያ ስንኝ ሌላ ሰው አርሞለታልና። የወር ወንፈል በወር ይመለሳል፤ የሙያ ወንፈል ግን የሚመለሰው በትውልድ ነው።

የዚህ ክፍያ ከፍተኛው ደረጃ የመምህሩ መውደቅ ነው። ካኖ ከኢኩቦ ጹኔቶሺ ዘንድ ሲማር ቆይቶ፣ በ1885 ገደማ በአንድ የልምምድ ቀን ሚዛናቸውን አስቀድሞ እያናጋ ደጋግሞ ጣላቸው። መምህሩ ምክንያቱን ጠየቁ፤ እርሱም ያገኘውን አስረዳቸው። ኢኩቦ አልተቈጡም፤ ግኝቱ ትክክል መሆኑን መስክረው፣ ከእንግዲህ የሚያስተምሩት እንደሌለ ነገሩት። «ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ በምፀት ይነገራል፤ ኢኩቦ ግን በጸጋ ተቀበሉት። ደቀ መዝሙሩ እንዳይበልጠው የመጨረሻዋን ዘዴ የሚደብቅ መምህር ግን እርሱ ራሱ የተቀበለውን ጉልበት በልቶ የቀረ የወንፈል ጓድ ነው።

የውድድር አደባባይም ቢሆን ይህን ሕግ አይሽረውም። አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ በዚያችው ከተማ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በጁዶ ረታ። ጌሲንክ ጃፓን ድረስ ሄዶ የተማረ ነበር፤ የጣለበትን ሙያ ያጎለበቱለት የተጣለው ሰው ወገኖችም ነበሩ። የአገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ካሚናጋ ገና ከምንጣፉ አልወረደም ነበር።

እንግዲህ ሙያ በልብ ነው ቢባል እንኳ ወደ ልብ የገባው በብዙ ሰዎች ገላና ትዕግሥት አልፎ ነው። መምህሩም፣ ተዋናዩም፣ ገጣሚውም፣ ሠዓሊውም በየሙያቸው የወደቁላቸው ሰዎች አሉ። የእነዚያን ስም ሁሉ ማስታወስ አይቻል ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ጀማሪ መውደቅ ግን ይቻላል። ጀማሪውም ሲወድቅ እንዳይሰበር ክንዱን መያዝ የባለሙያው ግዴታ ነው።