አዲስ መጤና እድር

አዲስ የገባ ሰው ስለ እድራችን ሲጠይቅ መቼም መጀመሪያ የሚያነሣው መዋጮውን ነው። ቀጥሎ ሃይማኖት እንለይ እንደሆነ ይጠይቃል። አንለይም፤ ጸሎቱ የቄሱ ወይም የሼሁ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ንፍሮው የእኛ። ሦስተኛውን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው፦ «ነገ ለምሄድ ሰው እድር ምን ያደርግልኛል?»

እውነቱን እንነጋገርና፣ ጠያቂው የሳሳው ለሳንቲሙ አይደለም። እዚህ እድር መግባት፣ እዚህ ልሞት እችላለሁ ብሎ መፈረም ይመስለዋል። ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ እኔም ለመመዝገብ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። በመካከሉ ወንድሜ ሲሞት ድንኳን የተከሉት እነዚያው ያልተመዘገብሁባቸው ሰዎች ነበሩ።

ደግሞስ እድር የባለርስት ብቻ ነውን? አዲስ አበባ ላይ ያስፋፋው ከየአውራጃው የፈለሰ፣ ዘመድ ያልነበረው ሰው ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመንም እየበረከተ ሄደ። ከነዚያም መካከል አገሬ እገባለሁ እያለ የኖረ አይጠፋም።

ለራሴ ቀብር አስቀመጥሁ የሚል ሰው፣ መሄጃው ሲደርስ ገንዘቤ ይመለስልኝ ቢል አይገርምም። እኔ ግን የከፈልሁት በዚህ ወር ለሞተው ነው እላለሁ። ስለዚህ ነገ የሚሄደውንም ሰው የዛሬው ለቅሶ ይመለከተዋል።

ደንቡ ከጸሐፊው ዘንድ አለ፤ ማንበብ ለሚቸግረው ያነብለታል።