የማይሰማው ፊደልና የመምህሩ ፍርድ

ጽሕፈትና ንግግር ባልተስማሙ ጊዜ ለየትኛው መፍረድ ይገባል? ጥያቄው አንዱን አዋቂ፣ ሌላውን መሃይም ለማሰኘት የሚያገለግል በመሆኑ ከሰዋስው አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ለዚህም የፈረንሳይኛ ግሥ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል።

በፈረንሳይኛ «ኢል ፓርል» ሲባል የሰማ ጆሮ «ይናገራል» ወይም «ይናገራሉ» መባሉን ከድምፁ ብቻ ሊለይ አይችልም። ለብዙ ቁጥር በግሡ መድረሻ የሚጨመሩትን ፊደላት ዐይን ያያቸዋል፤ አንደበት ግን ያልፋቸዋል። ሆኖም ያለ ሥራ የተቀመጡ አይደሉም። ለአንባቢ ብዛትን ያመለክታሉ፤ በጥንቃቄ በሚነበብ ጽሑፍ፣ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ሲከተላቸው የመጨረሻው «ት» ይሰማል፤ ባለ 12 ቀለም በሆነው ጥንታዊ ስንኝ መካከል ሲገቡም መድረሻው እንደ አንድ ቀለም ይቈጠራል።

ምልክት ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። «ሴዴ»፣ ማለትም «መልቀቅ»፣ በሚለው ግሥ የመጀመሪያው ቀለም በአናባቢ ስለሚያልቅ «ኤ» ጠበብ ብላ ትነገራለች። «ዥ ሴድ» ሲባል ቀለሙ በተነባቢ ስለሚዘጋ «ኤ» ከፈት ትላለች፤ ጽሕፈቱም ይህንኑ ይከተላል። በትንቢት ጊዜ «ዥ ሴድሬ» ሲባል መካከለኛዋ ደካማ አናባቢ ስለምትዋጥ ቀለሙ እንደገና ይዘጋል፤ የአብዛኛው ተናጋሪ አፍም «ኤ»ን ይከፍታል። የቀድሞው ጽሕፈት ግን የጠባቧን ምልክት ይዞ ኖረ። በዚህም የተነሣ ድምፁን በትክክል ሰምቶ የጻፈ ተማሪ ስሕተት ይቈጠርበት ነበር። የፈረንሳይ አካዳሚ የተስማማበትና በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ ከንግግሩ ጋር የሚስማማውን ምልክት ፈቀደ፤ አሮጌውም አዲሱም እንደ ስሕተት እንዳይታዩ ሆነ።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ በተገላቢጦሽ የታወቀ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው አፍ እንጂ ፊደል አይደለም።

እንግዲህ ጽሕፈትም ሆነ ንግግር ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ትርጉምን የሚጠብቅ ፊደል ባይሰማም ሊከበር ይገባዋል፤ ጆሮን ከማሳሳት በቀር ሥራ የሌለው ምልክት ግን ስላረጀ ብቻ ሊፈራ አይገባም። መምህርም በቀይ ቀለም ከመሰረዙ በፊት ደንቡ ማንን እንደሚያገለግል ሊጠይቅ ይገባዋል። ምክንያቱን ሊያስረዳ በማይችለው ደንብ ተማሪውን የሚያሳፍር መምህር ቋንቋን አስተማረ አይባልም፤ ዝምታን እንጂ።