የጣዕም ዳኝነት

የምግብና የመጠጥ ጣዕም የግል ስሜት ነው ወይስ የዕውቀት ፍርድ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ «የሠለጠነ አፍ» እና «ያልሠለጠነ አፍ» የሚለው አነጋገር በሰዎች መካከል ማዕረግ ሲያበጅ ስለሚታይ፣ ጉዳዩ ከሥነ ውበት አልፎ የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል። ለምርመራ እንዲያመቸን በየድግሱ ስሙ በአክብሮት የሚጠራውን የኢጣሊያ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ኪያንቲን እንውሰድ።

ኪያንቲ በፍሎረንስና በሲየና መካከል ካሉት ኮረብቶች የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ዘሩ ሳንጆቬዜ ይባላል። ጠባዩ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ጥሬ ሙዝ እንደሚያደርገው ሁሉ አፍን ይሰበስባል። አፍ የሚደርቀው ታኒኑ የምራቅን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው፤ ስብ ያለው የበሬ ጥብስ አብሮ ሲቀርብ ግን ከፊሉ በሥጋው ላይ ያርፍና መጠጡ ይለዝባል። ኮምጣጣነቱም ቲማቲም ከበዛበት ወጥ ጋር ይመጣጠናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ አህጉር ወደ ኢጣሊያ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት መሆኑ ነው። የወይን ጠጁም አሠራር አንድ ሆኖ አልኖረም። ሁለት ጊዜ የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ እ.ኤ.አ. በ1872 በጻፉት ደብዳቤ፣ ሳይቆይ ለሚጠጣው ኪያንቲ ማልቫዚያ የተባለው ነጭ ወይን ቢጨመርበት እንደሚበጅ ገልጸው ነበር፤ በኪያንቲ ክላሲኮ ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነጭ ወይን መጨመር ተከልክሏል። ዘላለማዊ ሕግ መስሎ የሚጠቀሰው ሁሉ የሠሪዎች ሙከራና እርማት ውጤት ነው።

ታዲያ «ቀይ ወይን ጠጅ ከቀይ ሥጋ ጋር» የሚለውን ደንብ ያለ ምክንያቱ የሸመደደ ሰው፣ ኪያንቲን በበርበሬ ከቀላ ቀይ ወጥ አጠገብ ቢያቀርብ ምን ይገጥመዋል? አልኮሉና ታኒኑ ማቃጠሉን ያብሱበታል። እናቶቻችን ጠጅን ከወጥ ጋር ያገናኙት በሌላ ምርመራ ነው፤ የማሩ ጣፋጭነት በርበሬውን ያበርዳል፣ የጌሾው ምሬትም ጣፋጩ እንዳያሰለች ይገታዋል። ይህ ዕውቀት በመለኪያ ዋንጫ ላይ አልተጻፈም እንጂ ከቶስካናው አያንስም።

ወይን ጠጅ ከብዙው ቤት በማይገባበት አገርም ቢሆን ዳኝነቱ አይጠፋም። በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ቶንጎን እናንሣ። በዚያ አካባቢ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ይበላል። ጠጣር የሆነውን ገንፎ ባምያው በልስላሴው ከጉሮሮ ያወርደዋል፤ ገንፎውም በበኩሉ ባምያው እንዳይፈስ ይይዘዋል። የቶንጎዋ ባለሙያ የገንፎውንና የባምያውን መጠን ስትወስን፣ የፍሎረንሱ አሳላፊ ስቡንና ታኒኑን ሲያመዛዝን የሚያደርገውን ሥራ ትሠራለች።

የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ከዚያ የመጣ መምህር ወይም የኪነ ጥበብ ሰው በከተማ ግብዣ ላይ ብርጭቆውን ገልብጦ ቢያስቀምጥ፣ ጎኑ የተቀመጠው «ገና አልሠለጠነም» የሚል ፈገግታ ያሳየው ይሆናል። ፈገግታው በእኔ አስተያየት ከመጥፎ ወይን ጠጅ የከፋ ነው፤ የመጠጡን ጠባይ ያወቀ፣ የእንግዳውን ኅሊና ግን ለማወቅ ያልደከመ ሰው ፈገግታ ነውና። ጋባዡ ለጥብሱ የሚስማማውን ቀይ ወይን ጠጅ ሲመርጥ፣ ለዚያ እንግዳ የሚስማማውንም በዚያው ሰዓት መምረጥ ነበረበት፤ ቡናም ቢሆን፣ የማንጎ ጭማቂም ቢሆን።