ጥላ የሌለው ወንበር

የእህቴ ልጅ፣ የሠፈሩ ሰው ለመንገዱ ሥራ ኮሚቴ አንቺን መምረጡን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁልሽ። ደስ ያለኝ የከዚራ ሠፈር ልጅ ስለሆንሽ ነው። የፈራሁልሽም በዚያው ምክንያት ነው።

ከዚራን እኛ አልነደፍናትም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ይህን ቀጥ ያለ መንገድ ያሰመረው የባቡሩ ኩባንያ ነው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ጣልያኑ እዚህ ሰፈረ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ በገበያው ዙሪያ እንደሆነለት አደገ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ ቤቱን እንደ አቅሙ ቀለሰ። ድሬ ከተወለደች ጀምሮ ወረቀት ላይ የገባ ሠፈርና ወረቀት ላይ ያልገባ ሠፈር ነበራት ማለት ነው። አንቺ ያደግሽው ወረቀት ላይ በገባው ነው። ጥላ ሥር ያደገ ሰው ፀሐዩ የት እንደሚበረታ ለማወቅ ወጥቶ መጠየቅ አለበት።

ስለ ጥላ ካነሳሁ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ቦታ መንገድ ሲሰፋ፣ ሊስትሮዎቹና ሻይ ሻጮቹ የሚቀመጡበት ትልቅ ዛፍ ተቆረጠ። በቦታው የሚያምር የብረት ወንበር ተተከለ። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ቀለሙም ጥሩ ነበር። ነገር ግን በድሬ ፀሐይ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ብረት ላይ ማን ይቀመጣል? ልጆቹ በእጃቸው ነክተውት እየሳቁ ሲያልፉ አይቻለሁ። ሻይ ሻጯ ቴርሞሷን ይዛ ወደ አንድ ግንብ ጥግ ተጠጋች፤ ቀስ በቀስም ከአካባቢው ጠፋች። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። እሷን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው። ምክክር ከንድፉ በፊት ካልሆነ ማስታወቂያ ነው።

መጠየቅ ለደግነት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ በሌሊት የመጣው ደጋው ላይ በጣለው ዝናብ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ፣ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ አደረገ። ደመናው የት እንደከበደ የሚያየው ከላይ ያለው ገበሬ ነው፤ ውሃው የቱን ጥግ እንደሚበላ የሚያውቀው ወንዙ ዳር የሚኖረው ነው። ከዚያ በኋላ የወንዙን ዳር የያዘው ግንብ ተሠርቷል፣ መልካም ነው። ግንብ ግን ስልክ አይደውልም። ከተማ በሕይወት የሚቆየው ከላይ ያለው ሰው «እዚያ ታች ያሉት የእኔ ናቸው» ብሎ ሌሊት ሲደውል ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ደግሞ በደህናው ቀንም የተቆጠረ፣ የተጠራና የተሰማ ሰው ነው።

እንግዲህ ስብሰባ ስትጠሪ ሰዓቱን አስቢበት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ በርጫ ላይ ነው፣ የከተማው ነገር ሁሉ እዚያ ይወራል፤ ሴቷ ግን እዚያ የለችም። ዓርብ ቀትር ላይ አትጥሪ፣ እሑድ ጠዋትም አትጥሪ። ቀፊራ ገበያ ላይ ቲማቲምና የግመል ወተት ይዘው የሚቀመጡትን እናቶች ደግሞ አዳራሽ ድረስ ኑ ብትያቸው ዕቃቸውን ማን ይጠብቅላቸዋል? አንቺ ሂጂላቸው። ከወተት ሻጯ ጄሪካን አጠገብ ቁጭ በይ፣ ገዥ ሲመጣ ዝም በይ፣ ሲሄድ ጠይቂ። አንቺ ስለ መብራትና ስለ አበባ እያሰብሽ ሄደሽ እሷ ስለ ሽንት ቤት ብትነግርሽ አትገረሚ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ የምትውለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል። ከፍትፍቱ ፊቱ ነውና መጀመሪያ ፊትሽን ስጪ፣ ወረቀቱን በኋላ አውጪ።

በየቋንቋቸው ይናገሩ። የድሬ ልጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያም ወደ ሶማሊኛ ሲሻገር ትንፋሽ አይቆርጠውም። ዓሊ ቢራ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛም፣ በሐረሪኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም፣ በዓረብኛም ሲዘፍን ሁላችንም የእኛ ነው ብለን አዳመጥነው። ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ስለሚጻፍ ብቻ ሐሳቡም በአማርኛ ይምጣ አትበይ።

የከተማውን ሥልጣን በብሔር በመቶኛ የሚያካፍለውን፣ አርባ፣ አርባ፣ ሃያ የሚባለውን ነገር ታውቂዋለሽ። ብዙ ወጣት ልቡ የቆሰለው በእሱ ነው፤ ተወልዶ ባደገበት ከተማ «አንተ ከየትኛው ነህ?» መባል ያማል። እኔ ሽማግሌው የምልሽ ይህ ነው፦ የሥልጣን ወንበሩን ነገር ምክር ቤት ይነጋገርበት፣ አንቺ ግን በመንገድሽ ላይ ማንንም ከየትኛው መቶኛ እንደሆነ እንዳትጠይቂ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጋ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ ሊጠየቅ ይገባል ሲል ማንንም አልለየም።

ሌላም አለ፤ ሰው ደጋግሞ ይጠየቃል፣ መልስ ግን አያገኝም። ይህ ካለመጠየቅ የባሰ ነው። እድራችንንና የሐረሪዎቹን አፎሻ ተመልከቺ። ሰው እዚያ ዝናብ ሳይል፣ ሐሩር ሳይል የሚመጣው ለምንድን ነው? ዳኛው ያወጣውን ብር በቁጥር ስለሚያነብ ነው፤ ጸሐፊው ባለፈው ወር የተባለውን ስለሚያስታውስ ነው፤ ድሀውም ሀብታሙም እኩል ከፍሎ እኩል ስለሚናገር ነው። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1989 ነዋሪው ከበጀቱ ከፊሉ ምን ላይ እንደሚውል እንዲወስን ማድረግ ጀምራ ነበር። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፣ እድር ነው፤ የጎደለው ከተማውን የሚያህል እድር ነው። ስለዚህ የጠየቅሻቸው ያነሱትን ጻፊ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ እሱን አንብቢ፤ የተፈጸመውን ተፈጸመ፣ ያልተፈጸመውን «በዚህ ምክንያት አልሆነም» በይ። አልሆነም ተብሎ የተነገረው ሰው ይመለሳል፤ ዝም የተባለው ግን አይመለስም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ ነዋሪው ያልተቀበለውን መንገድም ማንም አይጠብቅልሽም፤ አምፖሉ ይሰበራል፣ ቱቦው በፌስታል ይደፈናል።

ቅዳሜ ቤት ለቤት ስትዞሪ ከትልቁ በር ብቻ አትመለሺ። ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት የተከራዩትን አንኳኪ። ሌሊት ዘበኛ የሆነውን፣ ከሳቢያን እየመጣ ባጃጅ የሚነዳውን፣ ከገጠር መጥታ እንጀራ የምትጋግረውን ልጅ ጠይቂ። ከእነዚህ ውስጥ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው አሉ፤ በዚህም ምክንያት ከስብሰባ ይሸሻሉ፣ «እኛን አይመለከትም» ይሉሻል። መታወቂያ አምጡ አትበያቸው። ስማቸውንና የሚሉትን ብቻ ጻፊ፤ ኮሚቴው ውስጥ «እነዚህ ነዋሪ አይደሉም» የሚል ከተነሳ እኔን ጥሪኝ፣ መጥቼ አብሬሽ እቀመጣለሁ።