ሙሳም ደረሳ ሆኑ



ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ 60ኛው አንቀጽ ላይ ቆም በሉ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) አላህ ያነጋገራቸው ሆነው ሳለ፣ እሳቸው የማያውቁትን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ተጓዙ። ደከሙ፣ ምሳ አማራቸው። ሲደርሱም ተከትለው ለመማር ፈቃድ ጠየቁ። መጀመሪያ የተነገራቸው ትዕግስት እንደሚከብዳቸው ነበር።

የሸዋ ሮቢት፣ የይፋት ልጆች! «አንድ ዲግሪ ይበቃኛል» አትበሉ። ከይፋትና ከዘይላዕ ምድር የሄዱ ደረሶች «ጀበርቲ» ተብለው በካይሮው አል-አዝሀር በስማቸው የሚጠራ ሪዋቅ ነበራቸው። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጉ ከነሱ ነው። ለእኛ ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው።

የማስተርስ ትልቁ ፈተና ግን የመግቢያው አይደለም። ስለ ማሾ አምራቾች ልታጠኑ ወጥታችሁ፣ ገበሬውን ሳትጠይቁ መጠይቁን ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትሞሉት፣ ያላለውን ብሏል ብላችሁ መሰከራችሁ። ይህ የሐሰት ምስክርነት ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ገዝቶ ስምን መለጠፍም ውሸት ነው።

እኔም በተራዬ አሥራ አንድ መጠይቅ ጎድሎኝ፣ ቀኑ ደርሶብኝ ነበር። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። «ማን ያያል?» አልኩ። መልሱን አውቀው ነበርና በማግስቱ በዚያ ሐሩር ወደ ማሳው ተመለስኩ።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፣ ኒያችንን ያስተካክልልን። አሚን።